ሪሞቱ ከሰዓት በኋላ ብቻ እምቢ የሚለው ሲዲ ማጫወቻ

ጥያቄው ከለገጣፎ የመጣ ነው። አሳጥረን ስናቀርበው እንዲህ ይላል፦ «ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ለአባታችን የላከው ሲዲ ማጫወቻ አለ። ለብቻው የሚቀመጥ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር የሚሠራ ዓይነት ነው። ሪሞቱ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ጭራሽ አይሰማም። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ኦሪጅናል ሲዲዎችን ያነባል፤ ሰፈር ሙዚቃ ቤት ያስቀዳናቸውን ግን ኖ ዲስክ ይላል። አባቴ የሚወዷቸውን መዝሙሮች በፈለጉት ተራ እንዲያጫውትላቸው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን አሁን አንዱን መዝሙር ብቻ እየደጋገመ ነው። ሌንሱ ካልተቀየረ አይሆንም የሚሉኝ አሉ። ሠሪ ጋ ልውሰደው?»

አይውሰዱት፤ ቢያንስ ለጊዜው። ያቀረቡት አቤቱታ ሦስት ነው፤ አንዱም ሌንስ የሚያስቀይር አይደለም። ኦሪጅናል ሲዲ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዘል የሚያነብ ማሽን ሌንሱ ሞተ አይባልም። ከሁሉ በፊት ግን የሪሞቱን ጥፋት ከማሽኑ ጥፋት እንለይ። ሪሞቱ እምቢ ባለበት ሰዓት ተነሥተው ማጫወቻው ፊት ላይ ያለውን ፕሌይ በጣትዎ ይጫኑት። ከተጫወተ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ መንገድ ላይ የቀረው የሪሞቱ መልእክት ነው።

ሪሞት የሚናገረው በብርሃን ነው። አፍንጫው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ትረጫለች፤ የሞገድ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ብርሃኑ ዝም ብሎ አይበራም። በብዙዎቹ ሪሞቶች በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል፣ በፊሊፕስ 36 ሺህ፣ በሶኒ 40 ሺህ ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለ ነው ትእዛዙን የሚያደርሰው። በማጫወቻው ፊት፣ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ኋላ የተቀመጠው ተቀባይ ያንን ምት ከሌላው ብርሃን ለይቶ ያዳምጣል። ችግሩ ፀሐይም ኢንፍራሬድ የሞላባት መሆኗ ነው። በቀጥታ ተቀባዩ ላይ ስታርፍ የሪሞቱ ብልጭታ ቀትር ላይ እንደበራ ሻማ ይሆናል፤ አለ፣ ግን ማንም አያየውም።

«ጠዋት ደህና፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ዝም» ማለትዎ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት እንድጠረጥር አድርጎኛል። የደከመ ድንጋይ ሰዓት አይመርጥም። ሙከራው ቀላል ነው። ሪሞቱ ባመፀበት ሰዓት አንድ ሰው ካርቶን ይዞ በመስኮቱና በማጫወቻው መካከል ይቁም፤ ጥላው የማሽኑን ፊት በሙሉ ይሸፍን፣ የሪሞቱን መንገድ ግን አይዝጋ። እርስዎ 2 ሜትር ያህል ርቀው ፊት ለፊት ቆመው ፕሌይን ይጫኑ። ከሠራ ምርመራው አለቀ፤ ገንዘብም አልወጣም። ማጫወቻውን የመስኮቱ ብርሃን ወደማያገኘው ግድግዳ ያዛውሩት፣ ቦታ ከሌለ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መጋረጃውን ይሳቡት። ቀጭን ነጭ መጋረጃ ብዙ ስለማያግዝ ወፍራሙን ይምረጡ።

እግረ መንገድዎን ዳንቴሉን ይመልከቱ። ቴፑን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ማጫወቻውን በዳንቴል ማልበስ በየቤቱ ያለ ነው፤ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ሲንጠለጠል ግን ተቀባዩን ይጋርደዋል። ሪሞቱ «አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም» የሚባልበት ቤት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ዳንቴሉ ከላይ ይነሣ፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት የሚያስወጡ ስለሆኑ መታፈን የለባቸውም። ማታ ማታ ብቻ ችግር የሚፈጥር ሪሞት ካለ ደግሞ ከማሽኑ አጠገብ የበራውን ጠመዝማዛ ኃይል ቆጣቢ አምፖል አጥፍተው ይሞክሩ። የዚያ አምፖል ብርሃንም በፍጥነት ስለሚርገበገብ ተቀባዩን ያደናግረዋል። ርቀቱ እስከ 7 ሜትር ያህል ነው፤ ከመሃል መስመር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከ30 ዲግሪ በላይ ከወጡ ግን በ3 ሜትርም ላይሰማ ይችላል።

ጥላም አጥልተው ካልሠራ ወደ ድንጋዩ እንመለስ። አዲስ መግዛትዎ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ «አዲስ» ሞልቷል። ቴስተር ያለው ጎረቤት ካለ ይለካልዎ፦ ጤነኛ ድንጋይ 1.5 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ያሳያል፤ ከ1.3 በታች ያለው ለሪሞት ደክሟል። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር ማጣመር አዲሱን ያዳክማል፣ አሮጌውን ያስፈስሳል። ጠፍጣፋው፣ ማለትም ነጌቲቩ፣ በሞላው በኩል ይገባል። ድንጋይን ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ መንከስ የለመደበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይከልክሉት። ሙቀት ለጥቂት ሰዓት ያነቃዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መፍሰስ ነው፣ ፈሳሹም ሞላውን ይበላዋል።

የባትሪ ቤቱን ሲከፍቱ ሞላው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ እሱ ነው ጠላቱ። አልካላይን ድንጋይ ያፈሰሰው ከሆነ በአንድ ጠብታ ሎሚ ወይም አቼቶ የራሰ የጆሮ ጥጥ ያሹት፤ ሲፈላ ያያሉ። ተራው ርካሽ ድንጋይ ያፈሰሰው ግን ራሱ አሲዳማ ስለሆነ ሎሚ አይፈታውም፤ ለእሱ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ነው። በሁለቱም መጨረሻ ላይ በአልኮል ጠርገው ያድርቁት፤ ሞላው ብረቱ እስኪታይ በምላጭ ጫፍ ቢፋቅ አይጎዳም።

ቀጥሎ ስልክዎን ያውጡ። የፊት ካሜራውን ከፍተው የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው ያዙሩና ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ሐምራዊ ብልጭታ ካዩ ሪሞቱ እየተናገረ ነው። በኋላ ካሜራ አይሞክሩት፤ ብዙ ስልኮች ኢንፍራሬድ የሚያጣራ መስታወት እዚያ ላይ ስላላቸው ጤነኛውን ሪሞት ሞተ ያስብላሉ። ለእርግጠኝነት መጀመሪያ የዲሹን ሪሞት ያሳዩት። የዲሹ ታይቶ የማጫወቻው ካልታየ፣ ድንጋዩም ደህና ከሆነ፣ የሪሞቱ ውስጥ ተጎድቷል። ሪሞት ሲወድቅ ቶሎ የምትሰበረው ምቱን የምትቆጥረው ትንሿ ሬዞኔተር ናት፤ ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ ሠሪው በአንድ ብየዳ ይቀይራታል።

አንዳንድ ቁልፎች ብቻ ሠርተው ሌሎቹ እንቢ ካሉ ግን ጉዳዩ ብየዳ አይፈልግም። ድንጋዩን አውጥተው፣ ብሎን ካለው በትንሽ ካቻቢቴ ፈትተው፣ ከሌለው በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጎን ጎኑን ቀስ ብለው አላቀው ይክፈቱት። ውስጡ የላስቲክ አንሶላ አለ፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለው። የእጅ ቅባት፣ የምግብ ወዝና አቧራ ተደባልቀው በነጥቡና በሰሌዳው መካከል ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ለዚያ ነው ሰው አውራ ጣቱ እስኪነጣ የሚጫነው። ላስቲኩን በሳሙና ውሃ ያጥቡት፣ ሰሌዳውን በኢሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉት፣ ሁለቱም ፍጹም ሳይደርቁ አይግጠሙ። ጥቁሩ ነጥብ ተፍቆ ካለቀ በለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ በሚባለው፣ ደጋግመው ቢያጠቁሩት ለጥቂት ሳምንት ያገለግላል። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ለዚህ ዓይነቱ ቆሻሻ ጥሩ መከላከያ ነው፤ የአፍንጫው በኩል ላስቲኩ ሲጨማደድና ሲደበዝዝ ግን በየጊዜው ይቀየር።

ምትክ ሪሞት መግዛት የግድ ከሆነ፣ ገበያ ላይ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ለቴሌቪዥንና ለዲሽ ብቻ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ሲዲ ወይም ኦዲዮ የሚል መምረጫ እንዳለው ይዩ። የዚያው ካምፓኒ የሌላ ሞዴል ሲዲ ሪሞት ብዙ ጊዜ ቢያንስ ፕሌይን፣ ስቶፕንና ትራክ ማለፊያውን ይሠራል፤ ኮዳቸው ስለሚመሳሰል። አንዳንድ የሬድሚ ስልኮች ጫፋቸው ላይ ኢንፍራሬድ መርጫ አላቸው፤ እጅዎ ላይ ያለው እንደዚያ ከሆነ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት እሱን ይሞክሩ።

አንዱን መዝሙር እየደጋገመ ያስቸገረዎት ብልሽት ሳይሆን ሳይታወቅ የተነካ ሪፒት ነው። የማሽኑን መስኮት በደንብ ይዩት፦ ሪፒት የሚል ጽሑፍ ወይም ክብ የሚዞር ቀስት፣ አጠገቡም 1 ቁጥር ይኖራል። ሪፒት የሚለውን ቁልፍ በተጫኑት ቁጥር ይዞራል፤ በብዙዎቹ መጀመሪያ አንዱን ትራክ ብቻ፣ ቀጥሎ ሲዲውን በሙሉ፣ ከዚያ ጠፊ። ምልክቱ ከመስኮቱ እስኪጠፋ ይጫኑ፣ በቃ። ራንደም ወይም ሻፍል የሚለውም ሳይታወቅ የሚነካ ነው፤ እሱ በርቶ ከቆየ ሲዲው በዘፈቀደ ይዘላል፣ በብዙ ማሽኖችም ፕሮግራም መሙላት ይከለክላል።

አሁን ወደ አባትዎ መዝሙሮች እንምጣ። ፕሮግራም የሚሞላው ሲዲው ቆሞ ነው። ለምሳሌ እሳቸው 7ኛውን፣ 2ኛውንና 13ኛውን በዚህ ተራ ፈለጉ እንበል። ሲዲው ገብቶ ጠቅላላ የትራክ ብዛቱ መስኮቱ ላይ ከታየ በኋላ ስቶፕን ይጫኑ። ፕሮግራም የሚለውን ሲጫኑ ምልክቱ ይበራል። 7 ይጫኑ፤ መስኮቱ ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ሁለተኛው ተራ ሲያልፍ ይታያል። አንዳንዱ ማሽን እዚህ ላይ ፕሮግራምን ደግመው እንዲጫኑ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ እየበራ እየጠፋ ከቆየ እሱን ነው የሚጠይቅዎ። ከዚያ 2። ለ13 ሪሞቱን ይመልከቱ፦ ከ9 ቀጥሎ ሲደመር 10 የሚል ካለ እሱን አንዴ፣ ከዚያ 3 ይጫኑ፤ 23 ቢሆን ኖሮ እሱን ሁለቴ፣ ከዚያ 3 ነበር። ከ10 በላይ የሚል የቀስት ምልክት ከሆነ ግን እሱን አንዴ ተጭነው 1 እና 3ን ለየብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሳስቶ 1ኛውንና 3ኛውን ትራክ ይሞላል፣ ማሽኑንም ይወቅሳል። መጨረሻ ላይ ፕሌይ።

ሲዲው ቆሞ ሳለ ስቶፕን ደግሞ መጫን በብዙዎቹ ፕሮግራሙን ያጠፋል፤ መሳቢያውን መክፈትም እንዲሁ። አባትዎ መሃል ላይ ማቆም ከፈለጉ ስለዚህ ፖዝን፣ ሁለቱን ቋሚ መስመሮች፣ ይጫኑ። ግን በፖዝ ላይ ሲዲው እየዞረ ሌዘሩም እየበራ ነው፤ ለአንድ ስልክ ጥሪ ይሁን እንጂ ተረስቶ አይደር። ወደ ኋላ መመለሻው አንዴ ሲጫን የዚያኑ ትራክ መጀመሪያ፣ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ሲጫን የቀደመውን ትራክ ያመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «ወደ ኋላ አይመለስም» ብሎ ይደመድማል።

እውነቱን ለመናገር ግን መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ፕሮግራም አድካሚ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሞሉት ይጠፋል። ደግሞም መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሣ ማሽን አለ፤ ፊቱ ላይ ያለው ዋናው ፓወር ከጠፋ ሪሞት ሊያስነሣው አይችልም፣ ሄዶ በጣት መጫን ነው። በየቀኑ ያንኑ 12 መዝሙር ለሚሰሙ አባት የተሻለው መላ በፈለጉት ተራ አንድ ሲዲ ማስቀዳት ነው፤ ያኔ ፕሌይ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህ ደግሞ ወደ ሦስተኛው አቤቱታዎ ይወስደናል።

ሙዚቃ ቤት ያስቀዳችኋቸው ሲዲዎች በጣም የሚጠረጠሩት ኤምፒስሪ ሆነው ነው። ተራ ሲዲ ማጫወቻ የሚያውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፦ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ የተጻፈበት ኦዲዮ ሲዲ። በ1982 እ.ኤ.አ. ሲዲ ገበያ ላይ ሲወጣ የተወሰነው እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ኤምፒስሪ ግን እንደ ኮምፒውተር ፋይል የተቀመጠ ነው፤ ፊቱ ላይ ኤምፒስሪ የሚል ጽሑፍ የሌለው ማጫወቻ ወይ ኖ ዲስክ ይላል፣ ወይ አንድ ረጅም ትራክ አሳይቶ ዝም ይላል። የሠርግ ቪሲዲም እንዲሁ ነው፤ በዲቪዲ ማጫወቻ ስለሚሠራ በዚህኛውም ይሠራል ማለት አይደለም። ለማረጋገጥ ሲዲውን ኮምፒውተር ውስጥ ይክተቱት። የመዝሙሮቹ ስም ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት የሚመዝኑ ፋይሎች ከታዩ ኤምፒስሪ ነው። ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያሉ ሁሉም 1 ኪሎባይት ብቻ የሚያሳዩ ከሆነ ኦዲዮ ነው። በብዛትም ይታወቃል፦ ባለ 700 ሜጋባይት ሲዲ በኦዲዮ የሚይዘው 80 ደቂቃ ብቻ ነው፤ «100 መዝሙር በአንድ ሲዲ» ከተባለ ኤምፒስሪ መሆኑ አያጠያይቅም።

እንግዲህ ቀጂው ዘንድ ሲሄዱ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ኦዲዮ ሲዲ አድርጉልኝ፤ ዳታ አይሁን፣ አንዴ ብቻ የሚቀዳው ሲዲ ላይ ይሁን፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ ዝጉት።» እያንዳንዱ ምክንያት አለው። ሳይዘጋ የቀረ ሲዲ ማውጫው ስላልተጻፈ ማጫወቻው ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የቀዳው ኮምፒውተር ግን ያነበዋል፣ ለዚህ ነው ቀጂው «እኔ ጋ ይሠራል» የሚልዎት። በከፍተኛው ፍጥነት የተቀዳ ርካሽ ሲዲ ጽሕፈቱ ደብዘዝ ይላል፤ ኮምፒውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ 8 ወይም 16 እጥፍ ይበቃል። ደጋግሞ የሚቀዳው ዓይነት ሲዲ ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልገዋል። ፋብሪካ የታተመ ሲዲ ከሌዘሩ ብርሃን 70 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ አንዴ የሚቀዳው ከዚያ ብዙም አያንስም፤ ደጋግሞ የሚቀዳው ግን የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ዓይነት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው የመጣው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ማጫወቻ በአብዛኛው አያየውም። ገልብጠው ሆዱን ይዩት፦ ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆነ ደጋግሞ የሚቀዳው ነው፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ የሚያንፀባርቀው አንዴ የሚቀዳው ነው። ዝም ብሎ ብርማ የሆነው የታተመው ነው።

በኦዲዮ፣ በትክክለኛው ሲዲ፣ ተዘግቶ ተቀድቶም እንቢ ካለ፣ ያኔ ሌንሱ መቆሸሹን ልንጠረጥር እንችላለን። የደበዘዘ ሌንስ ጉልህ የሆነውን የታተመ ሲዲ አንብቦ የተቀዳው ላይ ይዳክማል። በእናንተ አካባቢ አቧራው የታወቀ ነው፤ በበጋ አስፋልት ካልደረሰበት መንገድ የሚነሣው ደቃቅ አፈር በመሳቢያው ክፍተት ይገባል። ከአቧራ የሚብሰው ግን የቡናው ጭስ ነው። ከሰልና ዕጣን ሲጨስ አየሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ሌንሱ ላይ ሲያርፍ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራውን ይይዘዋል። ማጫወቻው ረከቦቱ ከሚቀርብበት ጥግ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከሆነ ከወገብ በላይ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ሌላው ግድግዳ ያውጡት። መሳቢያውም ሁልጊዜ ዝግ ይሁን።

ባለ ብሩሽ ማጽጃ ሲዲ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ለአቧራ ይረዳል፤ ለጭስ ቅባት ግን ደረቅ ብሩሽ ምን ያደርጋል፣ ጠጣር ብሩሽ ያለውማ ሌንሱን ይመታዋል። ትክክለኛው ጽዳት እንዲህ ነው። ስፒናውን ከግድግዳው ይንቀሉና ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ከኋላና ከጎን ያሉትን ብሎኖች ፈትተው የላይኛውን ክዳን ያንሱ። የግድግዳው ገመድ የሚገባበትን በኩል፣ ትራንስፎርመሩ ያለበትን፣ በእጅዎ አይንኩ። ከመሳቢያው ሥር፣ የሲዲው መሃል በሚቀመጥበት ጎን፣ ሰማያዊ ጥላ ያላት የምስር ፍሬ የምታህል መስታወት አለች፤ በፀጉር ቀጫጭን ሽቦዎች የተንጠለጠለች ናት፣ ስትነካ ትወዛወዛለች። መጀመሪያ በጎማ ፓምፕ አየር ይንፉባት፤ በአፍ አይንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ከዚያ የጆሮ ጥጥ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ኢሶፕሮፒል አልኮል አድርገው፣ ጥጡ ራሱ እስኪከብድ ብቻ እንጂ ሳይጫኑ፣ ሦስት አራቴ ያሽከርክሩት፤ በሌላ ደረቅ ጥጥ ያድርቁ። አረቄም ሽቶም አይሆንም፤ ውስጣቸው ያለው ሌላ ነገር ሽፋን ይተዋል። ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑን አያብሩ፤ ሌዘሩ 780 ናኖሜትር ስለሆነ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ቢመስልም ዓይን ውስጥ የሚገባው ከሚታየው በላይ ነው።

እዚያው ሌንሱ አጠገብ ደቃቅ ብሎን የምትመስል ማስተካከያ ታያላችሁ። አንዳንድ ሠሪዎች እሷን ጠምዝዘው «ሠራ» ብለው ይመልሱልዎታል። የሌዘሩን ኃይል ከፍ አደረጉት ማለት ነው፤ ለሳምንታት ያነባል፣ ከዚያ እስከ ወዲያኛው ያርፋል። ሌዘሩ በእውነት ደክሞ ከሆነ መፍትሔው ጭንቅላቱን፣ ማለትም ሌንሱንና ሌዘሩን አብሮ የያዘውን ክፍል፣ በሙሉ መቀየር ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ያለው የሶኒው ኬኤስኤስ-213 ምትክ አሁንም ይገኛል፤ አዲሱ ጭንቅላት ላይ ከስታቲክ ለመጠበቅ የተበየደች ጠብታ ትኖራለች፣ ከተገጠመ በኋላ መነሣት አለባት። ሠሪው ይህን ካልጠቀሰ ይጠይቁት።

ስለ ሲዲዎቹ አያያዝ ሁለት ነገር። ሲጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው እንጂ ዙሪያውን አያሹ። ማሽኑ በስህተት ማረሚያው እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚደርስ ክፍተት ይሞላል፤ ከመሃል ወደ ውጭ የሄደ ጭረት እያንዳንዱን ዙር በቀጭኑ ብቻ ስለሚያቋርጥ ይታለፋል፣ በዙሪያው የሄደ ጭረት ግን መስመሩን ተከትሎ ብዙ ይውጣል። ሁለተኛው ሰው የማያስበው ነው፦ ድምፁ ያለው በሆዱ በኩል ሳይሆን በጽሑፉ በኩል ነው። የሚያንፀባርቀው ስስ አሉሚኒየም ከጽሑፉ ሥር በቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው የተሸፈነው። በሆዱ ያለ ጭረት ሊወለወል ይችላል፤ በጽሑፉ በኩል የተላጠው ግን አይመለስም። ሲዲውን ወደ አምፖል ከፍ አድርገው ይዩት፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ብርሃን ካለፈ እዚያ ላይ ያለው መዝሙር ሄዷል። ለዚህም ነው ስሙን በስክሪፕቶ መጻፍ፣ ወረቀት መለጠፍም የማይመከረው፤ ለስላሳ የሲዲ ማርከር ይጠቀሙ። የመጀመሪያዎቹ ትራኮች ደህና ሆነው መጨረሻዎቹ ብቻ የሚዘሉ ከሆነ ጠርዙ ላይ የጣት አሻራ ይፈልጉ፤ ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ውጭ ነው፣ መጨረሻው ትራክ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው ያለው። የተቀዱትን መስኮት ላይ አያስቀምጡ፤ ቀለማቸውን ፀሐይ ይበላዋል።

መሳቢያው ሲዘጋ ተመልሶ የሚከፈት ከሆነ ትንሿ ቺንጋ ላልታለች፤ አሮጌዋን ይዘው መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ተራ ቢሄዱ በመጠኗ ያገኛሉ። የብር ላስቲክ አይተካትም።

ማሽኑ ከውጭ ስለመጣ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ጀርባው ላይ ያለውን የቮልት ጽሑፍ ያንብቡ። 220 ወይም 230 ካለ ሰላም ነው። 120 ወይም 100 ከሆነ እስካሁን በመቀነሻ ትራንስፎርመር እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ማንም ሰው ቤት ሲያጸዳ ስፒናውን ቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሰካው ሶኬቱ ላይ ይጻፉበት። ብቻውን የቆመ ሲዲ ማጫወቻ የሚበላው ብዙውን ጊዜ 20 ዋትም አይሞላም፣ ስለዚህ ባለ 100 ዋት መቀነሻ ከበቂ በላይ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ መሆኑ የሙዚቃውን ፍጥነት አይቀይረውም፤ ዝውውሩን የሚቆጣጠረው የማሽኑ የራሱ ሰዓት ነው። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ አምፖሉ ሳይርገበገብ 5 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይሰኩ። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ቀዩና ነጩ ገመድ የሚገባው ሲዲ ወይም ኦክስ የሚለው ላይ ነው፤ ፎኖ የሚለው ለሸክላ ስለተሠራ ድምፁን ያስጮኸዋል፣ ያጉረመርመዋልም።

ሪሞቱ ሲስተካከልና ሲዲው በተራ ሲቀዳ ለአባትዎ የቀረው ሦስት ቁልፍ ነው፦ ፕሌይ፣ ፖዝ፣ ስቶፕ። ፕሌይ ላይ አንድ፣ ፖዝ ላይ ሁለት የጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉባቸው፤ ሲደርቅ ጎበጥ ስለሚል በጨለማም በጣት ይገኛል። ነጥቡ ቁልፉ አናት ላይ ብቻ ይሁን፤ ጎኑ ላይ ከፈሰሰ ቁልፉ ተጣብቆ ይቀራል።